ክሬዲቴ ተበላሽቶ ነበር፤ ክሊራንስ አገኛለሁ ወይስ በከንቱ ልልፋ?

የሌሊት_ፈረቃ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አሜሪካ ውስጥ ክሊራንስ (የመንግሥት ምሥጢር ለማየት የሚያስፈልግ ፈቃድ) ያወጣችሁ፣ ወይም ጠይቃችሁ የተከለከላችሁ ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የአይቲ ሥራ አግኝቻለሁ። ቀጣሪዬ ለመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የሚሠራ ኮንትራክተር ነው። ሥራው ሲክሬት ክሊራንስ ይጠይቃል። ዜግነቴን ካገኘሁ ቆይቷል፣ ፖሊስ ጋር የሚያደርስ ነገርም የለብኝም። ጭንቀቴ ገንዘብ ነው። በ2021 ከሥራ ተቀነስኩ። ኢንሹራንሳችን በእኔ ሥራ በኩል ስለነበር አብሮ ሄደ። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ታማ ሆስፒታል ገባች። የቀረውን መገመት አያቅታችሁም። ሁለት ክሬዲት ካርድ ቻርጅ ኦፍ ሆነ (ባንኩ ኪሳራ ብሎ መዘገበው)፣ የሆስፒታሉ ቢል ኮሌክሽን ገባ (ዕዳ ሰብሳቢ ያዘው)፣ መኪናችንንም አበዳሪው ወሰዳት። ሲደመር ወደ 31,000 ዶላር ይጠጋል። ሥራ ካገኘሁ ወዲህ ከአንደኛው ካርድ ጋር ተስማምቼ በየወሩ እየከፈልኩ ነው። የቀረውን ገና አልነካሁትም።

አንድ ወዳጄ "የክሬዲት ስኮርህ (የብድር አከፋፈል ነጥብህ) ከ650 በታች ከሆነ የክሊራንሱን ፎርም አትንካው፣ ወዲያው ነው የሚጥሉህ" አለኝ። ሌላው ደግሞ "የድሮውን አትጻፍ፣ ማን ያየዋል" ይለኛል። የቱን ልስማ?

ዶሴ_አንባቢ፦

ሁለቱንም አትስማ።

የ650ው ነገር ወሬ ነው። ክሊራንስ የሚመዘንበት መመሪያ ሲአድ 4 ይባላል። ከጁን 2017 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ከኤ እስከ ኤም 13 ርዕሶች አሉት። ያንተ ጉዳይ "ኤፍ" ላይ ነው ያለው፤ የገንዘብ ጉዳይ። እዚያ ውስጥ ስለ ስኮር የተጻፈ ነገር የለም። "ይህን ያህል ዕዳ ያለበት ይውደቅ" የሚል ቁጥርም የለም። ጥያቄው ዕዳው እንዴት መጣ፣ ከመጣ በኋላ ምን አደረግክ፣ ማስረጃህስ የታለ ነው።

እኔ ዶሃ የሚያወጣቸውን ውሳኔዎች የማንበብ ሱስ አለብኝ። ዶሃ የኮንትራክተሮችን የክሊራንስ ክርክር የሚሰማው የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ችሎት ነው። ውሳኔዎቹን የባለጉዳዩን ስም ሳይጠቅስ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል፤ ማንም ገብቶ ማንበብ ይችላል። ሰው ማታ ማታ ድራማ ያያል፣ እኔ የሰው ዕዳ አነባለሁ። ባለቤቴ በዚህ ትስቅብኛለች።

ያንተ ታሪክ መመሪያው ውስጥ ስም አለው። ከሰው ቁጥጥር ውጭ የሆኑ ነገሮችን ይዘረዝራል። ሥራ ማጣት፣ ድንገተኛ ሕመም፣ ፍቺ፣ ሞት፣ የንግድ መቀዛቀዝ፣ የማንነት ስርቆት ሁሉ አሉበት። ግን እዚያ አይቆምም። ቀጥሎ "በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ኃላፊነት እንደሚሰማው ሰው ተንቀሳቅሷል ወይ?" ይላል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህኛው ግማሽ ነው። ሥራ ካገኘህ በኋላ ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ዳኛው ስለ 2021 አይጠይቅህም፤ የሚጠይቅህ ስላለፈው ዓመት ነው።

"አትጻፍ" ላለህ ወዳጅህ በኋላ እመለስበታለሁ። እሱ ደህና አድርጎ ሊያሳስርህ ነው የፈለገው።

ተጠራጣሪ፦

ይሄ ሁሉ ወረቀት ላይ ያምራል። አንድ የማውቀው ልጅ በ8,000 ዶላር ዕዳ ተከለከለ። ሌላ የማውቀው ሰውዬ ቤቱን ባንክ ወስዶበት፣ ባንክራፕሲ ገብቶ (ዕዳዬን መክፈል አልቻልኩም ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ)፣ ዛሬ ክሊራንሱን ይዞ ይሠራል። ሎተሪ ነው ባይ ነኝ። ደግሞስ ድሃ ሁሉ ሰላይ ነው እንዴ? ከደሞዝ ደሞዝ የሚኖር ሰው አገር ይሸጣል ያለው ማነው?

ዶሴ_አንባቢ፦

የ8,000ው ልጅ ምን አድርጎ ነበር? እሱን ነው መጠየቅ ያለብህ። እኔ ከማነባቸው ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ሞልቷል። የስልክ ቢል ነው፣ የኬብል ነው፣ የጂም ነው። ሰውዬው ደሞዙ ጥሩ ነው፤ መክፈል እየቻለ አልከፈለም። "ክሊራንሱ ከመጣ እከፍላለሁ" ብሎ ተቀምጧል። ይሄ ለዳኛው ከትልቅ ባንክራፕሲ የባሰ ነው። ባንክራፕሲ ሕግ የፈቀደው መውጫ ነው። ቻፕተር 13 የሚባለው ባንክራፕሲ ገብቶ በየወሩ የሚከፍል ሰው ቢያንስ መንገድ ይዟል።

ሰላይ ላልከው ግን ጥርጣሬው ከሜዳ አልመጣም። የሲአይኤው አልድሪች ኤምስ በ1985 ምሥጢር ሊሸጥ ሶቪየት ኤምባሲ የገባው ዕዳ አንገቱ ላይ ደርሶ ነው። የባሕር ኃይሉ ጆን ዎከርም ምሥጢር መሸጥ ሲጀምር ቡና ቤቱ እየከሰረበት ነበር። የኤምስ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። በ1994 እስኪያዝ ድረስ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀብሏል። አርሊንግተን ውስጥ የ540,000 ዶላር ቤት በካሽ ገዝቶ ጃጓር ይነዳ ነበር። እንግዲህ በመንግሥት ደሞዝ። ኤፍ ስር ዕዳ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሀብትም የተጻፈው አለምክንያት አይደለም።

ተጠራጣሪ፦

ኤምስ እኮ ክሊራንስ ነበረው። በማጣሪያው አልፎ ነው የሸጣቸው።

ዶሴ_አንባቢ፦

በዚህስ አልከራከርህም።

ታክስ_ሠሪዋ፦

ወንድሞቼ፣ ስለ ክሬዲት ካርድ ብዙ አወራችሁ። እኔ ለኑሮዬ ታክስ ነው የምሠራው፤ ክሊራንስ የሚፈልጉ ደንበኞችም አሉኝ። ከካርድ ዕዳ ይልቅ የሚያስፈራኝ ያልተሞላ ታክስ ነው።

ኤስኤፍ-86 የሚባለው የክሊራንስ ፎርም ክፍል 26 ላይ "ባለፉት 7 ዓመታት በሕግ የሚጠበቅብህን ታክስ ሳትሞላ ወይም ሳትከፍል ቀርተሃል?" ይላል። ልብ በሉ፣ መሙላትና መክፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገንዘብ ባይኖራችሁም የመሙላት ግዴታው አይቀርም። ኤክስቴንሽን የሚያስረዝመው የመሙያውን ቀን ነው፤ የመክፈያውን አይደለም። "ተመላሽ ስለነበረኝ አልሞላሁም" የሚል ሰው በየዓመቱ አገኛለሁ። ይሄ ሰው ሦስት ዓመት ካለፈ ተመላሹንም ያጣል።

የኔ ደንበኞች የሚወድቁበት ጉድጓድ ደግሞ ኡበርና ሊፍት ነው። ከሥራ ተቀንሰው መንዳት ይጀምራሉ። ከገቢው ላይ ማንም ታክስ አይቆርጥላቸውም። ከኢንካም ታክሱ ሌላ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ እንዳለ የሚያውቁት ኤፕሪል ላይ ነው። ደንግጠው ሳይሞሉ ያልፋሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያለፈውን ፈርተው ይተዉታል። እንዲህ እያለ ይከመራል።

መፍትሔው አለ። መጀመሪያ ያልሞላችሁትን ሁሉ ሙሉ። ከዚያ አይአርኤስ (የፌደራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ጋር የክፍያ ስምምነት ግቡ። ሲአድ 4 ይሄን በግልጽ ይቀበላል፤ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማምቶ ስምምነቱን የሚያከብር ሰው ነጥብ ያገኛል። ግን ክሊራንስ ስለጠየቃችሁ ብቻ በጥድፊያ የተሞላ የአምስት ዓመት ታክስ ዳኛን አያስደስትም። ስቴት ታክስንም አትርሱ፤ ሰው ስለ ፌደራሉ ሲጨነቅ ያን ይረሳዋል።

የሌሊት_ፈረቃ፣ አንተን ልጠይቅህ። ቻርጅ ኦፍ የሆኑት ካርዶች 1099-ሲ ልከውልሃል?

የሌሊት_ፈረቃ፦

እትዬ፣ ታክሴን በየዓመቱ ሞልቻለሁ፣ ተመስገን። ያን ወረቀት ግን አላየሁም። ምንድነው?

ታክስ_ሠሪዋ፦

አበዳሪ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ዕዳ ሲሰርዝ የሚልከው ወረቀት ነው። ያ ገንዘብ እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ አይአርኤስ ጋርም ይደርሳል። በወቅቱ ዕዳህ ከንብረትህ ይበልጥ ከነበረ በፎርም 982 ማስቀረት ይቻላል። አድራሻ ቀይረህ ከሆነ ወረቀቱ አሮጌው ቤት ሄዶ ይሆናል። አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍተህ ትራንስክሪፕትህን (የታክስ መዝገብህን) እይ፣ ነጻ ነው። አንድ ካርድ 1099-ሲ ልኮ አንተ ካላስገባኸው፣ የካርድ ችግር የነበረው ነገር የታክስ ችግር ይሆንብሃል።

ዶሴ_አንባቢ፦

ይሄ ወርቅ ምክር ነው። እኔም ልጨምርበት። ብዙ ሰው 1099-ሲ ይዞ ችሎት ይቀርብና "ይኸው ዕዳው ተሰርዟል" ይላል። የዶሃ ይግባኝ ቦርድ ግን አበዳሪው ተስፋ ቆረጠ ማለት አንተ ከፈልክ ማለት አይደለም ባይ ነው። ቻርጅ ኦፍም እንደዚያው። ባንኩ ለራሱ መዝገብ ሲል ኪሳራ ብሎ ጻፈው እንጂ ዕዳው አለ።

ጥያቄ_አለኝ፦

ይቅርታ፣ በሰው ክር ገባሁ። የኔ ዕዳ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሰባት ሲሞላው ከክሬዲት ሪፖርት ይወጣል አይደል? ትንሽ ብጠብቅ አይሻልም?

ዶሴ_አንባቢ፦

ከሪፖርቱ ይወጣል፣ እውነት ነው። ባንክራፕሲ ቻፕተር 7 ከሆነ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ግን "ከሪፖርት ወጥቷል" እና "ተፈትቷል" ለዳኛው አንድ አይደሉም። ዕዳው በይርጋ ታግዶ ፍርድ ቤት ሊያስከፍሉህ ባይችሉ እንኳ፣ ይርጋውን ጠብቆ መቀመጥ እንደ ቅን ጥረት አይቆጠርም። ይሄ በተደጋጋሚ ተወስኗል።

ፎርሙን በሚመለከት የተጠየቅከውን ብቻ መልስ። ብዙዎቹ ጥያቄዎች ያለፉትን 7 ዓመታት ነው የሚሉት። ከ120 ቀን በላይ ያለፈበት ዕዳ፣ ኮሌክሽን የገባ፣ ቻርጅ ኦፍ የሆነ፣ የተወሰደ ንብረት፣ ከደሞዝ ላይ በፍርድ የተቆረጠ፣ ከቤት መባረር ሁሉ እዚያ አለ። ተከፍሎ ያለቀም ቢሆን ይጻፋል። ለሰው የፈረምክለት ዕዳም ይጻፋል፤ ይሄን ሰው አያውቅም።

አሁን ወደ "አትጻፍ ማን ያየዋል" ልመለስ። ፎርሙን ስትፈርም ክሬዲትህን እንዲያዩ ፈቃድ ትሰጣለህ። ስለዚህ ያዩታል፣ ሥራቸው ነው። ዕዳው ኤፍ ላይ የሚያርፍ ችግር ነው፣ በጊዜም በክፍያም ይለዝባል። ውሸቱ ግን ኤ በሚባለው... ይቅርታ፣ "ኢ" በሚባለው ርዕስ ስር ይገባል፣ የግል ባሕርይ። እሱን በወር ክፍያ አትጨርሰውም። ለፌደራል መንግሥት አውቆ መዋሸት ደግሞ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። በ31,000 ዶላር ዕዳ ማንም አይታሰርም።

ሰላማዊት_ዘኢስት_ኮስት፦

የፈረሙለት ዕዳ ስትል ልቤ ደነገጠ። የቀድሞ ባለቤቴ መኪና ሲገዛ ኮሳይን አድርጌለት (አብሬ ፈርሜለት) ነበር። ስንፋታ ፍርድ ቤቱ "መኪናውን እሱ ይክፈል" ብሎ ወሰነ። እሱ አልከፈለም። አሁን ኮሌክሽኑ በኔ ስም ነው። የኔ ዕዳ ነው ይላሉ?

ዶሴ_አንባቢ፦

እህቴ፣ አበዳሪው የፍቺ ውሳኔሽን አያውቅም፤ የሚያውቀው ፊርማሽን ነው። ለክሊራንሱ ግን ያንቺ ታሪክ ጠንካራ ነው። ፍቺ መመሪያው ውስጥ በስም ተጠቅሷል። የፍቺ ውሳኔውን ኮፒ ያዢ። ለአበዳሪው በጽሑፍ አሳውቂ፣ የላክሽውንም ደብዳቤ አስቀምጪ። ውሳኔውን እንዲያከብር ፍርድ ቤት ከጠየቅሽም እሱንም ጨምሪበት። "የሱ ነው" ብሎ ዝም ማለት ነው የሚጎዳሽ። አንዳንዴ ቶሎ ለመገላገል ራስሽ በትንሽ በትንሹ መክፈል ይሻላል፣ ምንም እንኳ ደም ቢያፈላ።

ተጠራጣሪ፦

ደም ያፈላል ብቻ? ሰውዬው መኪናውን እየነዳ እሷ ትክፈል?

ሰላማዊት_ዘኢስት_ኮስት፦

ተጠራጣሪ ዛሬ ከኔ ጋር ነህ 😄

የቀድሞ_ወታደር፦

ሰላም። እኔ ሠራዊት ውስጥ ነበርኩ፤ አሁንም ክሊራንስ ያለው ሥራ ላይ ነኝ። ያላችሁት በሙሉ ለአዲስ አመልካች ነው። ለያዘውም ልናገር።

ድሮ ሲክሬት በየ10 ዓመቱ ነበር እንደገና የሚጣራው። ያ ቀርቷል። አሁን ያለማቋረጥ ነው የሚከታተሉት። ክሬዲትህ ላይ አዲስ ኮሌክሽን ሲገባ ኮምፒውተሩ ራሱ ያሳውቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ራስህ የመናገር ግዴታ አለብህ። ባንክራፕሲ ከገባህ ወይም ማንኛውም ዕዳ 120 ቀን ካለፈበት፣ ሲክሬት ብቻ ቢኖርህም ለሴኩሪቲ ኦፊሰርህ ትናገራለህ። ቶፕ ሲክሬት ከሆነ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ድንገት ቢመጣልህም ትናገራለህ። ውርስም ይሁን ሎተሪ።

እኔ ካየሁት፣ ቀድሞ ገብቶ "እንዲህ ሆኛለሁ፣ እቅዴ ይሄ ነው" ያለ ሰው ብዙ አይንገላታም። ከሱ አፍ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ሲሰሙት ነው ፊታቸው የሚቀየረው።

የተማሪ ብድር ያላችሁም ተጠንቀቁ። ከማርች 2020 እስከ 2023 ክፍያው ቆሞ ስለነበር ብዙ ሰው ረስቶት ቀረ። እሱ የፌደራል ዕዳ ነው። ፎርሙ ለፌደራል ዕዳ የራሱ ጥያቄ አለው። ዲፎልት ገብታችሁ (ብዙ ጊዜ ሳትከፍሉ ቆይታችሁ) ከሆነ ሪሃቢሊቴሽን የሚባል አለ፤ በ10 ወር ውስጥ 9 ጊዜ በሰዓቱ ስትከፍሉ ከዲፎልት ትወጣላችሁ። ክፍያው እንደ ገቢያችሁ ስለሆነ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ_አለኝ፦

ቤተሰብ ጋር ውጭ አገር የምንልከው ገንዘብስ? እሱም ገንዘብ ጉዳይ ውስጥ ይገባል?

የቀድሞ_ወታደር፦

እሱ ሌላ ክፍል ነው፤ የውጭ አገር እንቅስቃሴ ውስጥ ይጠየቃል። ለውጭ ዜጋ ገንዘብ ረድተህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ለእናትህ መላክ ነውር የለውም፣ ጻፈው። ግን ኮሌክሽን የገባ ዕዳ እያለብህ በየወሩ ብዙ የምትልክ ከሆነ ማብራሪያ አዘጋጅ። ይጠይቁሃል።

የሌሊት_ፈረቃ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢከለክሉኝስ? በቀጥታ በደብዳቤ ነው የሚያሰናብቱኝ? ደግሞ የቀረውን ዕዳ ከየት ልጀምር? ሁሉንም በአንዴ መክፈል አልችልም።

ዶሴ_አንባቢ፦

ሁሉንም መክፈል አይጠበቅብህም። የይግባኝ ቦርዱ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር አለ፤ ምክንያታዊ እቅድ ይኑርህ፣ በእቅዱም መሥራት መጀመርህ ይታይ። ስለዚህ አንደኛውን ካርድ አታቋርጥ፣ እሱ ነው ምስክርህ። ትንሿን ዕዳ ዘግተህ የመዝጊያ ደብዳቤ ተቀበል። የመኪናዋን በጽሑፍ ጠይቅ፤ በስንት እንደተሸጠችና ስንት እንደቀረ ማወቅ መብትህ ነው። የሆስፒታሉ ቢል የፋይናንስ እርዳታ ያለው መሆኑን ጠይቅ፤ ለትርፍ የማይሠራ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ፖሊሲ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል። ከ2023 ጀምሮ ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይወጣም፤ ያንተ ግን ከዚያ ያልፋል ብዬ እገምታለሁ።

"መክፈል አቁምና ገንዘቡን ለኛ ላክ" ከሚሉ የዕዳ ማስታረቂያ ድርጅቶች ራቅ። መመሪያው የሚወደው ለትርፍ የማይሠራ የምክር አገልግሎትን ነው።

ስለ መከልከሉ፣ በአንድ ደብዳቤ አያልቅም። መጀመሪያ ኤስኦአር የሚባል፣ የመከልከያ ምክንያቶቹን የሚዘረዝር ወረቀት ይመጣልሃል። ዕዳዎችህ አንድ በአንድ ተቆጥረው ነው የሚመጡት፤ 1.ኤ ይህን ያህል ለክሬዲት ካርድ፣ 1.ቢ ይህን ያህል ለመኪና እያለ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ "አምናለሁ" ወይም "እክዳለሁ" ብለህ በ20 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ትመልሳለህ። እዚያው ላይ ዳኛ ፊት መቅረብ እፈልጋለሁ ማለት ትችላለህ። እኔ ብሆን እቀርብ ነበር። ዕዳ ወረቀት ላይ ሲታይ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዳኛ ፊት ግን የሆስፒታሉን ታሪክ ራስህ ትናገራለህ።

ያለህን ማስረጃ ሁሉ በዚያ ጊዜ አቅርብ። ይግባኝ ቦርዱ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም። ብዙ ሰው ደረሰኙን ይዞ የሚመጣው ከተፈረደበት በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ከተከለከልክ ደግሞ እንደገና ለማመልከት አንድ ዓመት ትጠብቃለህ። የሚያሳዝነው፣ ጥርጣሬ ካለ የሚወሰነው ላንተ ሳይሆን ለአገር ደኅንነት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1988 ክሊራንስ የማንም መብት አይደለም ብሏል።

ተጠራጣሪ፦

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የ8,000ውን ልጅ ደውዬ ጠየቅኩት። ለኤስኦአሩ መልስ ሳይልክ ነው የቀረው። "ምን ዋጋ አለው ብዬ" አለኝ።

ታክስ_ሠሪዋ፦

😐

የቀድሞ_ወታደር፦

የሌሊት_ፈረቃ፣ አንድ ነገር ሳልረሳ። ብዙ ሰው ከስርቆት ለመጠበቅ ክሬዲቱን ፍሪዝ ያደርጋል (ሌላ ሰው እንዳያየው ይዘጋዋል)። አድርገህ ከሆነ ፎርሙን ከመላክህ በፊት በሦስቱም የክሬዲት ሪፖርት ድርጅቶች ክፈተው፤ ኤኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን። ካልከፈትክ መርማሪዎቹ ሪፖርትህን ማግኘት አይችሉም፤ ፋይልህ ሊጓተት ይችላል። ስትከፍተው ደግሞ ሦስቱንም ሪፖርት በነጻ አውርድና ፎርሙን እሱን እያየህ ሙላ። ቀኖቹና የገንዘቡ መጠን ከነሱ ጋር እንዲገጥም።

የሌሊት_ፈረቃ፦

ፍሪዝ አድርጌያለሁ። አሁኑኑ እከፍተዋለሁ።